ትነት

ደብረ ሲና ማለዳ፤ ከጣርማበር የወረደው ጉም
ማደያውን ውጦታል፤ ከፓምፑ ቀይ ራስ በቀር የሚታይ የለም።
ሜትሬን ዘረጋሁ፣ ከጋኑ ክዳን እስከ ቢሮው በር፤
አርባ ሁለት ከግማሽ፣ ለገመዱ ቦይ የሚቆፈር።
እዚህ ሴንሰሩ ይገባል፣ ጋኑ ሆድ ውስጥ ይንጠለጠላል፤
እዚያ ሳጥኑ ይሰቀላል፤ ካርድ ያነባል፣ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል።
በማስታወሻዬ ጥግ ጻፍኩ፦ “መብረቅ ይበዛል፤
መሬት የሚቀበር መዳብ፣ ሁለት ዘንግ ያስፈልጋል።
ባትሪው ስምንት ሰዓት ይዝለቅ፤
መብራት እዚህ እንደ እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል።”

ጋሽ ይፍሩ ከኋላዬ ቆሟል፣ መለኪያ ዘንጉን እንደ ምርኩዝ ይዞ፤
ሃያ ሁለት ዓመት በናፍጣ ጠቁሮ፣ ጫፉ ደንዞ።
በየማለዳው ጋኑን ከፍቶ ዘንጉን የሚሰድ እሱ ነው፤
የረጠበውን መስመር በአውራ ጣቱ ይዞ፣ ወደ ብርሃን አቅርቦ የሚያነበው።
“ይሄ ያንተ ማሽን” አለኝ፣ “ብርድ ይችላል?”
“ከዜሮ በታች አሥር ድረስ” አልኩት።
“እኔስ እስከ ስንት እችል ይሆን?” አለ፤ ሳይስቅ።

ቢሮ ገባን። የሦስት ዓመት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።
አሮጌው ሒሳብ ሳይጠራ አዲሱ አይተከልም ብዬ
ገጽ በገጽ ስፈትሽ፣ አንድ ቃል ዓይኔን ወጋ፦
ነሐሴ ዘጠኝ። ትነት፣ አምስት ሊትር።
ኅዳር ሃያ። ትነት፣ አምስት ሊትር።
ጥር፣ ውርጩ ሳሩን ባቃጠለ ሰሞን፣ ትነት። ደግሞም አምስት።

ናፍጣ ሰነፍ ነው፤ ቶሎ አይተንም።
ሸዋ ሮቢት ወርደን ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ቢሆን እሺ፣ ምንም አልልም።
ጉም የሰው ጢም ላይ ውሃ ሆኖ በሚንጠባጠብበት አገር
ከመሬት በታች የተቀበረ ናፍጣ በምን ሙቀት ሊተን? ያየ ይመስክር።
ደግሞ ሁሌ አምስት! ንፋስ ሊትር ቆጥሮ ይወስዳል እንዴ?
ዝም ብዬ አየሁት። ሌባ ይሆን? አለ ሆዴ።

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው።
“የአምቡላንሱ በጀት” አለ፣ “ወሩ ሳይጋመስ ነው የሚያልቀው።
ሾፌሩ ሌሊት በሩን ሲያንኳኳ፣ ከኋላ እታፈራሁ አዋላጇ፣
አጠገቧ ከመዘዞ ወገን የመጣች፣
የወንበሩን ብረት ጨብጦ የነጣ እጇ።
አምስት ሊትር ደብረ ብርሃን ያደርሳል። መመለሻው የእግዜር ነው።
መዝገቡ ላይ ‘ምጥ’ የሚል ዓምድ የለም፤ ‘ትነት’ የሚል ግን ነበረ።
እና ጻፍኩ።” ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረ።

ሳጥኔ ግን አይዋሽም፤ ካርድ ለሌለው አይቀዳም።
ሌሊት ቢያንኳኩበት ከየት የመጣ ጆሮ?
አይራራም፣ አይከዳም።

ወደ ማታ ዕቅዱን ጨረስኩ። የቦዩ ጥልቀት ሰማንያ፤ ላዩ አሸዋ፣ ካሸዋው በላይ ጡብ።
የማኅበሩ መኪኖች አሥራ አራት ካርድ፣
በሰሌዳ፣ በሾፌር ስም፣ በቀን ኮታ የሚመዘገብ።
አሥራ አምስተኛው ረድፍ ላይ እጄ ቆመ።
ሊቀ መንበሩን አሰብኩ፤ ሳንቲም ብትጎድል እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።
ምክንያቱን ከታች ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ፤ መልሼ ጻፍኩ።
ሰሌዳ፦ የለም። ስም፦ ትነት።
መጠን፦ አምስት ሊትር።
ሰዓት፦ ከምሽቱ ሦስት፣ እስከ ንጋት አሥራ ሁለት።

ነገ ስብሰባ አለ። ይሰርዙት ይሆናል፤ አላውቅም።
ጋሽ ይፍሩ ዘንጉን ከቆሻሻው ጎን ሊያስደግፍ ሲል
“እሱ ይቆይ” አልኩት፣ “ዕቅዱ ውስጥ አለ፤ አይጣልም።”
የመጨረሻው ገጽ፣ የመጨረሻው መስመር ነው፦
መብራት ሲጠፋ፣ ሳጥኑ ሲሳሳት፣
ዋቢ መለኪያ፣ አንድ። በሚስማር ይሰቀል፤
ግድግዳው ላይ፣ በጋሽ ይፍሩ ቁመት።